ሁለት ባላ የተከለ ሰርቨር ለምን አልነሣም ይላል?

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ አበው። የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ይህንኑ ምክር የተከተሉ ይመስላል። አንድ ሰርቨር የያዘው መረጃ በአንድ ዲስክ መበላሸት ምክንያት እንዳይጠፋ ሁለት ዲስኮችን ጎን ለጎን ያቆሙና በአንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በሌላውም ላይ እንዲጻፍ ያደርጋሉ። ይህ ዘዴ ሚረሪንግ ይባላል፤ አንዱ ዲስክ ለሌላው እንደ መስታወት ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን ዲስኮች «መንትዮቹ» እያልን እንጠራቸዋለን።

አንድ ሁኔታ እናስብ። በአንድ የትምህርት ክፍል የሚገኝ ሰርቨር የተመራቂ ተማሪዎችን የምርምር ጽሑፎችና የላቦራቶሪ ውጤቶች ይዟል። ቅዳሜ ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ እሑድ ተመልሶ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ ሲከፈት ማራገቢያው ይዞራል፤ በስክሪኑ ላይ ግን የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ይነበባል። ከመንትዮቹ አንዱ ሞቷል፤ ሌላው ደህና ነው። ያም ሆኖ ሰርቨሩ አልነሣም ብሏል። ሁለተኛው ባላ ተተክሎ ሳለ መንጠልጠል ያልተቻለው ስለ ምንድን ነው? በዚያች የጭንቀት ሰዓት የሚሰጥ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝስ ደህና የቀረውን ዲስክ ጭምር ሊያጠፋው የሚችለው እንዴት ነው? መልሱ ያለው ሰርቨሩ ከመብራቱ ጀምሮ ሥራ እስከሚጀምርበት ጊዜ ባሉት ደረጃዎች ቅደም ተከተል ውስጥ ስለሆነ፣ እነዚህን ደረጃዎች አንድ በአንድ እንመለከታለን።

የመንትዮቹ አመጣጥ

ዲስኮችን በጥንድ የማሠራት ልማድ ቀድሞም በትልልቅና ውድ ኮምፒውተሮች ላይ የነበረ ነው። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ባቀረቡት ጥናት አማካይነት ነው። ተመራማሪዎቹ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን በማጣመር እንደ አንድ ትልቅ፣ ፈጣንና አስተማማኝ ዲስክ ማሠራት እንደሚቻል አስረዱ፤ ዘዴውንም ሬይድ ብለው ሰየሙት። በአምስት ደረጃዎች ከፍለው ካቀረቧቸው ዓይነቶች መካከል መስታወቱ ደረጃ 1 የሚለውን ስም አገኘ።

ይህን ሥራ በሁለት መንገድ ማከናወን ይቻላል። የመጀመሪያው ለዚሁ ሲባል የተሠራ ካርድ ገዝቶ በማሽኑና በዲስኮቹ መካከል ማስገባት ነው። ካርዱ መንትዮቹን ራሱ ስለሚያጣምራቸው ማሽኑ ከመነሻው ጀምሮ የሚያየው አንድ ዲስክ ብቻ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሥራውን ለሥርዓተ ክወናው መተው ሲሆን የሶፍትዌር መስታወት የሚባለው ይህ ነው። በሊኑክስ ውስጥ ሥራውን የሚያከናውነው ኤምዲ የተባለው የከርነል ክፍል ነው፤ የሚታዘዝበትም ፕሮግራም ኤምዲአድም ይባላል። ሶፍትዌሩ ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ዲስኮቹም ሊኑክስ ባለው በማንኛውም ሌላ ማሽን ላይ ሊነበቡ ይችላሉ። በጀቱ ውስን ለሆነ ተቋም ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

ጥቅሙ ግን አንድ ዋጋ ያስከፍላል። መንትዮቹን የሚያጣምረው ፕሮግራም ራሱ የሚገኘው በመንትዮቹ ላይ ነው። ቁልፉ በተቆለፈው ቤት ውስጥ ተቀምጧል እንደማለት ነው።

ከማብሪያው እስከ መግቢያው

ሰርቨሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀረጸው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በቆዩት ማሽኖች ላይ ባዮስ፣ በአሁኖቹ ላይ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ስለ መንትዮቹ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ያያል፤ ከእነርሱም በተሰጠው ተራ መሠረት አንዱን ይመርጣል። በሁለተኛው ደረጃ ከተመረጠው ዲስክ ላይ አስነሺው ፕሮግራም ይነበባል፤ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ግራብ የተባለው ነው። በሦስተኛው ደረጃ አስነሺው ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለውን አነስተኛ የፋይሎች ጥቅል ወደ ማህደረ ትውስታ ያመጣል። ይህ ጥቅል ከርነሉ ዋናውን ዲስክ እስኪከፍት ድረስ የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች ስለሚይዝ የመንገድ ስንቅ ልንለው እንችላለን። በአራተኛው ደረጃ በስንቁ ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች ዲስኮቹን መርምረው መንትዮቹን ያጣምራሉ። በአምስተኛው ደረጃ በተጣመረው ዲስክ ላይ ያለው የፋይል ሥርዓት ይከፈትና አገልግሎቶቹ ሥራ ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። መስታወቱ የሚፈጠረው በአራተኛው ደረጃ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ደረጃዎች ሁሉ ሰርቨሩ የቆመው በአንድ ባላ ብቻ ነው። የሶፍትዌር መስታወት መረጃውን ይጠብቃል፤ የሰርቨሩን መነሣት ግን ሰው ካላዘጋጀለት በቀር አይጠብቅም።

ስለዚህ የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሰርቨሩ የቆመው ከየትኛው ደረጃ ላይ ነው?» የሚል ይሆናል። የሚነሣበት ዲስክ አለመኖሩን የሚገልጽ መልእክት ከታየ ችግሩ ከአንደኛው ወይም ከሁለተኛው ደረጃ ነው። የግራብ የትእዛዝ መስመር ብቻ ከታየ አስነሺው ጀምሮ ቀሪውን ክፍሉን ወይም ከርነሉን አላገኘም ማለት ነው። የከርነሉ መልእክቶች በብዛት ከወረዱ በኋላ ዋናው ዲስክ አለመገኘቱ ተነግሮ አነስተኛ የትእዛዝ መስመር ከተከፈተ፣ ሰርቨሩ የቆመው ስንቁን እንደያዘ በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው። ሥርዓቱ ተነሥቶ ለጥገና የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ከጠየቀ ደግሞ ችግሩ በአምስተኛው ደረጃ፣ ምናልባትም ከዋናው ሌላ በሆነ የፋይል ሥርዓት ላይ ነው።

ከመስታወቱ ውጭ የቀረችው ሴክተር

በባዮስ በሚነሡ ማሽኖች የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 512 ባይት ትይዛለች። ከእነዚህ ውስጥ 446ቱ ለአስነሺው ፕሮግራም፣ 64ቱ ለፓርቲሽን ሰንጠረዡ፣ የቀሩት 2ቱ ለማረጋገጫ ምልክት የተመደቡ ናቸው። በተለመደው አሠራር የሚጣመሩት ፓርቲሽኖች እንጂ ሙሉ ዲስኮች አይደሉም። በመሆኑም ከፓርቲሽኖቹ ሁሉ በፊት የምትገኘው ይህች ሴክተር ከመስታወቱ ውጭ ትቀራለች። አስነሺው በአንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ተጽፎ ከሆነና የሞተው ያው ዲስክ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዲስክ መረጃውን ሁሉ ይዞ ሳለ የመነሻዋን ጥቂት ባይት አጥቶ ይቀመጣል። የሰኞ ጠዋቱ ሰርቨር የደረሰበትም ይኸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግራብን በሁለቱም ዲስኮች ላይ መጫን ነው።

ዩኢኤፍአይ ባላቸው ማሽኖች አስነሺው የሚቀመጠው ፋት በተባለው የፋይል ሥርዓት በተዘጋጀ ልዩ ፓርቲሽን ውስጥ ነው። ዩኢኤፍአይ የሊኑክስን መስታወት ስለማያውቅ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የየራሱ ፓርቲሽን አዘጋጅቶ ይዘታቸውን አንድ ማድረግና በማሽኑ የመነሻ ተራ ላይ ሁለቱንም ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ መንትያ ሱፐርብሎክ የተባለ የማንነት መዝገብ ይይዛል። በ0.90 እና በ1.0 ቅርጾች መዝገቡ የሚቀመጠው በፓርቲሽኑ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ በ1.1 በመጀመሪያው ላይ፣ በ1.2 ደግሞ ከመጀመሪያው 4 ኪሎባይት ገባ ብሎ ነው። መዝገቡ መጨረሻ ላይ ሲሆን ስለ መስታወት ምንም የማያውቅ አስነሺ እንኳ አንዱን መንትያ እንደ ተራ ዲስክ ሊያነበው ይችላል። መዝገቡ መጀመሪያ ላይ ሲሆን ግን የቆዩት አስነሺዎች ግራ ይጋባሉ። የኋለኛው ግራብ አዲሶቹን ቅርጾች ማንበብ ስለሚችል ችግሩ ቀንሷል፤ ነገር ግን ከቆየ ሰርቨር ላይ ዲስክ አውጥቶ የሚያዛውር ሰው ሊያስታውሰው ይገባል።

ያረጀ ስንቅ

ስንቁ የሚዘጋጀው አስቀድሞ ነው። መንትዮቹን የሚገልጸው የኤምዲአድም የቅንብር ፋይል ቅጂም በውስጡ ይገኛል። አስተዳዳሪው መንትዮቹን እንደገና ቢያደራጅ፣ አዲስ ጥንድ ቢጨምር ወይም ዲስኮቹን ወደ ሌላ ማሽን ቢያዛውር፣ ስንቁን እንደገና እስካላዘጋጀ ድረስ ሰርቨሩ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነሣው በአሮጌው ቅጂ ነው። በዚህ ጊዜ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ኤምዲ 0 ተብሎ ይታወቅ የነበረው ጥንድ ኤምዲ 127 ተብሎ ብቅ ማለቱ ነው። በቅንብሩ ውስጥ ያልተመዘገበ ጥንድ ሲገኝ ሥርዓቱ ከ127 ጀምሮ ወደ ታች እየቆጠረ ስም ስለሚሰጠው ነው። መረጃው አልጠፋም፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል። በድሮው ስም የሚፈልገው የመነሻ ቅንብር ግን አያገኘውም።

የዲስኮቹ ስምም እንዲሁ አይጸናም። ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞች የሚሰጡት ዲስኮቹ በተገኙበት ተራ ስለሆነ ዛሬ ኤስዲቢ የነበረው ነገ ኤስዲኤ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም በቅንብር ፋይሎች ውስጥ ዩዩአይዲ በተባለው ቋሚ መለያ መጠቀም ይገባል። ዲስክ ለማውጣት ሲፈለግ ደግሞ በላዩ ላይ ከታተመው መለያ ቁጥር ጋር ማመሳከር ግድ ነው። ደህናውን ዲስክ በበሽተኛው ፈንታ ነቅሎ ማውጣት ያልተለመደ ስሕተት አይደለም።

ከመንትዮቹ የትኛው ይታመናል?

በማንነት መዝገቡ ውስጥ አንድ ቆጣሪ አለ። በጥንዱ ላይ አንድ ለውጥ ሲከሠት፣ ለምሳሌ ጥንዱ ሲጀመር፣ ሲዘጋ ወይም አባል ሲጎድልበት፣ ቆጣሪው ይጨምራል። ሰርቨሩ ሲነሣ የሁለቱ ቆጣሪዎች ይነጻጸራሉ፤ ወደ ኋላ የቀረው መንትያ እንደ አሮጌ ተቆጥሮ ከጥንዱ ውጭ ይደረጋል። የአንዱ ቆጣሪ 48213፣ የሌላው 48190 ቢሆን ሁለተኛው ከጊዜ በፊት ሥራ ያቆመ መሆኑን እንረዳለን። የመጨረሻው ለውጥ የተመዘገበበት ቀንና ሰዓትም ይህንኑ ያረጋግጥልናል።

ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው የክንውኖችን ብዛት ነው፤ የመረጃውን ዋጋ አያውቅም። ሰርቨሩ አንድ ጊዜ በመጀመሪያው ዲስክ ብቻ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ በሁለተኛው ብቻ ቢነሣ ምን ይሆናል? የላላ ገመድ ያለበት ሰርቨር ይህን ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ጊዜ መንትዮቹ የየራሳቸውን ታሪክ ይዘው ይለያያሉ። የሰኞ ሥራ በአንዱ ላይ፣ የማክሰኞ ሥራ በሌላው ላይ ይገኛል። ሁለቱን መልሶ ማመሳሰል የአንዱን ቀን ሥራ መደምሰስ ነው።

ሌላው አደጋ ከድንገተኛ የመብራት መጥፋት ይመጣል። ኃይሉ የተቋረጠው አንዱ መንትያ ተጽፎበት ሌላው ገና ሳይጻፍበት ከሆነ፣ ሁለቱ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ይለያያሉ። ሰርቨሩ ሲነሣ ጥንዱ በአግባቡ እንዳልተዘጋ ይገነዘብና አንዱን ወደ ሌላው በመገልበጥ ያስተካክላል። ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ ግን የለውም።

ዲስኩ ሳይሞትም ከጥንዱ ሊባረር ይችላል። ሊኑክስ ለአንድ ዲስክ ምላሽ በተለምዶ የሚሰጠው የመጠበቂያ ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። ለቤት ኮምፒውተር የተሠሩ አንዳንድ ዲስኮች የተበላሸ ሴክተር ሲያጋጥማቸው ለማንበብ ከዚህ በላይ ይታገላሉ፤ ከርነሉም እንደሞቱ ይቆጥራቸዋል። ለሰርቨር የተሠሩት ዲስኮች በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተስፋ ቆርጠው ስሕተቱን ስለሚያሳውቁ፣ የጎደለው ቦታ ከሌላው መንትያ ይነበባል።

የመጀመሪያው እርዳታ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በዚህ ሥራ ላይ ከማወቅ በፊት መጻፍ ትልቁ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሰርቨሩን ከሲዲ ወይም ከፍላሽ በሚነሣ የነፍስ አድን ሊኑክስ ማስነሣትና ለጊዜው ማንበብ ብቻ ይገባል። ኤምዲአድም የእያንዳንዱን መንትያ የማንነት መዝገብ ሳይነካ አንብቦ ያሳያል። ዩዩአይዲውን፣ የቅርጹን ዓይነት፣ ቆጣሪውንና የመጨረሻውን ሰዓት በወረቀት ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል። ስማርት የተባለው የዲስኩ የጤና መዝገብም በዚህ ጊዜ ይነበባል።

ሁለት ፈተናዎችን ግን መቋቋም ይገባል። የመጀመሪያው ጥንዱን «እንደ አዲስ ፍጠር» የሚለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ አሮጌውን የማንነት መዝገብ ደምስሶ አዲስ ይጽፋል፤ ከዚያም አንዱን ዲስክ በሌላው ላይ መገልበጥ ይጀምራል። ምንጭ የሆነው አሮጌው መንትያ ከሆነ አዲሱ መረጃ በዓይናችን ፊት ይጠፋል። ትክክለኛው ትእዛዝ ያለውን ጥንድ «አጣምር» የሚለው ነው። ሁለተኛው ፈተና መዝገቡ መጨረሻ ላይ የሆነውን አንዱን መንትያ እንደ ተራ ዲስክ ከፍቶ በላዩ ላይ መጻፍ ነው። በዚህ መንገድ የተጻፈውን ኤምዲ ስለማያየው ቆጣሪው አይለወጥም። መንትዮቹ ተለያይተው ሳለ እንደተስማሙ ይቆጠራሉ።

አዲሱ መንትያ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው መንገድ ይህ ነው። ዲስኩ የሕመም ምልክት ካሳየ በቅድሚያ ዲዲሬስኪው በተባለው ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ፕሮግራሙ ደህናውን ክፍል አስቀድሞ ወስዶ ወደ ተበላሸው በኋላ ስለሚመለስ ለእንዲህ ያለው ሥራ ይመረጣል። ከዚያም ጥንዱ በአንድ አባል ብቻ፣ ለንባብ ብቻ ተጣምሮ ፋይሎቹ ይፈተሻሉ፤ ዋና ዋናዎቹም ወደ ሌላ ቦታ ይቀዳሉ። ከዚህ በኋላ ብቻ አስነሺው በደህናው ዲስክ ላይ ይጫናል፤ ስንቁም እንደገና ይዘጋጃል። ሰርቨሩ በአንድ ባላ መነሣቱ ሲረጋገጥ አዲስ ዲስክ ይጨመራል። መጠኑ ከቀድሞው በጥቂት እንኳ ማነስ የለበትም።

ማመሳሰልና የሚወስደው ጊዜ

አዲሱ ዲስክ ሲጨመር የደህናው ዲስክ ይዘት ሁሉ ይገለበጥበታል። 1 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢገለበጥ 10,000 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይፈጃል። ሰርቨሩ በሌላ ሥራ ሲጠመድ ማመሳሰሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሊኑክስ የተለመደው ዝቅተኛ መጠን በሰከንድ 1000 ኪሎባይት ስለሆነ፣ ያው ዲስክ በዚህ ፍጥነት ብቻ ቢገለበጥ ከ11 ቀናት በላይ ይወስድ ነበር። በዚህ ጊዜ ሁሉ መረጃው ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ያም ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እየተነበበ ነው። ለዓመታት ያልተነበበ የተበላሸ ሴክተር ቢኖር የሚገለጠው በዚህች ሰዓት ነው።

ሂደቱን ኤምዲስታት ከተባለው የከርነሉ ፋይል ላይ መከታተል ይቻላል። ጥንዱ ሙሉ ሲሆን በቅንፍ ውስጥ «ዩ» የተባለችው የላቲን ፊደል ሁለት ጊዜ ትታያለች፤ አንዱ ሲጎድል በቦታው ሰረዝ ይተካል። ይህችን ሰረዝ ማየት የተሳነው አስተዳዳሪ ሰርቨሩ ለወራት በአንድ ባላ መቆሙን ሳያውቅ ይኖራል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ያልተፈተነ መስታወት ግምት እንጂ ዋስትና አለመሆኑን ነው። ፈተናው ቀላል ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ከተያዘ በኋላ ሰርቨሩን በአግባቡ ዘግቶ አንዱን ዲስክ ማላቀቅና መነሣቱን መመልከት ይገባል። ቀጥሎ ዲስኩን መልሶ ማገናኘትና ማመሳሰሉ እስኪጠናቀቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ብቻ ሌላውን አላቅቆ መሞከር ይቻላል። በመካከሉ ያለው ጥበቃ ከተዘለለ ቀደም ሲል የገለጽነውን የመንትዮቹን መለያየት በገዛ እጃችን እንፈጥራለን።

ኤምዲአድም ጥንዱ ሲጎድል በኢሜይል እንዲያስታውቅ ማድረግም ይቻላል። ሁለቱን መንትዮች ከዳር እስከ ዳር የሚያነጻጽር ወቅታዊ ፍተሻ ደግሞ የተደበቁ የተበላሹ ሴክተሮችን አስቀድሞ ያጋልጣል። ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ይህ ፍተሻ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በራሱ እንዲካሄድ የተዘጋጀ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሰርቨሩን በአግባቡ ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጥ ዩፒኤስ ከሁለተኛው ዲስክ ያልተናነሰ ጥቅም አለው።

በመጨረሻም መስታወት የፊቱን ሁሉ እንደሚያሳይ አንርሳ። ተማሪው በስሕተት የደመሰሰው ፋይል በዚያችው ቅጽበት ከሁለቱም ዲስኮች ይደመሰሳል፤ ቫይረስ ያበላሸውም በሁለቱም ላይ ይበላሻል። መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ክፍል፣ ቢቻል በሌላ ሕንፃ ሊቀመጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

የሰኞ ጠዋቱ ሰርቨር የሚያስፈልገው የአስነሺ ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ የተማሪዎቹ ሥራ በደህናው ዲስክ ላይ ሳይነካ ተቀምጧል። ሊያጠፋው ይችል የነበረው የሰው ጥድፊያ ነው። ሁለት ባላ የተከለ ሰው፣ ሳይቸግረው በፊት፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጊዜ ተንጠልጥሎ ቢሞክር መልካም ነው።